ወደ ቦንጋ፦ የቡና ሐራጅና የካፋ ደን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ በኩል የግቤን በረሓ ወርዶ፥ ዳገቱን ወጥቶ ጅማ የደረሰ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ «ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» ይላል። ከዚህ ወዲያ ካፋ አለ። ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፥ መንገዱ በመጀመሪያ ወደ ሞቃቱ የጎጀብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፥ የመኪናው መስኮት ጉም ያለብሰዋል፥ በግራና በቀኝ ያለው አረንጓዴ ከመጥቆሩ የተነሣ ጥላ ይመስላል። ቦንጋ በዚህ ደን መካከል በኮረብቶች ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ስለ ካፋ ሲጻፍ ቡና መነሣቱ የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን አንባቢያችንን በሌላ በር እናስገባለን፤ ይኸውም በሐራጅ በር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ባለጸጎች ያረጀ ቀይ ወይን ጠጅ በሐራጅ እየገዙ በምድር ቤት ያከማቻሉ። ዛሬ ቡናም እንደ ወይን ጠጅ በሐራጅ የሚሸጥበት ጊዜ መጥቷል። ታዲያ የቡና እናት አገር በዚህ ሐራጅ ላይ ምን ድርሻ አላት? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ቦንጋ መሄድ መንገዱን አጭር ያደርገዋል።

የወይን ጠጅ ሐራጅ ምን ይመስላል?

የወይን ጠጅ ሐራጅ የቆየ ንግድ ነው። ክሪስቲስ የተባለው የለንደን ሐራጅ ቤት እ.ኤ.አ. በ1766 ሥራውን ሲጀምር፥ በመጀመሪያው ሐራጅ ከቤት ዕቃ ጋር ወይን ጠጅም ሸጧል። በፈረንሳይ አገር ቡርጎኝ በሚባለው አውራጃ፥ ቦን በምትባል ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1443 የተመሠረተ የድኾች ሆስፒታል አለ። ምእመናን ለዚህ ሆስፒታል የወይን መሬት ሲያወርሱለት ኖረዋል፤ ከእ.ኤ.አ. 1859 ጀምሮም የዚያ መሬት ወይን ጠጅ በየዓመቱ በኅዳር ወር በበርሜል እየተጫረተ ይሸጣል፥ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ይውላል።

በሐራጁ ላይ ተጫራቹ የሚገዛው መጠጡን ብቻ አይደለም። ስሙን፥ ዓመቱንና የበቀለበትን መሬት ጭምር ይገዛል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሮማኔ ኮንቲ የሚባለው የቡርጎኝ ወይን ጠጅ ነው። ይህ ወይን የሚበቅልበት መሬት ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ዮርክ ሶዝቢስ በተባለው ሐራጅ ቤት፥ በ1945 የተጠመቀ አንድ ጠርሙስ 558,000 ዶላር ወጣለት፤ በዚያን ጊዜ ለአንድ የወይን ጠጅ ጠርሙስ በሐራጅ ከተከፈለው ሁሉ የበለጠ ነበር።

ዋጋውን እንዲህ ያናረው ምንድን ነው? በዚያ ዓመት የተጠመቀው 600 ጠርሙስ ያህል ብቻ መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ የመጣ ጥቃቅን ተባይ የአውሮፓን ወይን ሥሩን እየበላ አጥፍቶ ነበር። ገበሬዎቹ ከጥፋት የዳኑት ተባዩን የሚችለውን የአሜሪካ ዱር ወይን ሥር አምጥተው የራሳቸውን ወይን በላዩ በማዳቀል ነው። የሮማኔ ኮንቲ ሐረግ ግን ሳይዳቀል በገዛ ሥሩ ላይ እስከ 1945 ቆየ። ከዚያ መከር በኋላ ሐረጉ ደክሞ ተነቀለ፥ አዲስ ተተከለ፤ እስከ 1952 ድረስም በዚያ ስም የተጠመቀ ወይን ጠጅ አልነበረም። ስለዚህ የ1945ቱን ጠርሙስ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ከእንግዲህ የማይገኝ ሥር የሰጠውን የመጨረሻ ፍሬ ነው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበል፤ ስለ ካፋ ስንናገር እንመለስበታለን።

የቦንጋ ከተማ

ቦንጋ የዛሬ ከተማ አይደለችም። የካፋ መንግሥት በነበረበት ዘመን ከነገሥታቱ መቀመጫዎች አንዷና የታወቀች የገበያ ቦታ ነበረች፤ ከሩቅ የመጡ ነጋዴዎች ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስ፥ በዚያ ክፉ ዘመን ባሪያም ይገበዩባት ነበር። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 በካፋ ተቀምጦ ስላየው ነገር ጽፏል። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በዐፄ ምኒልክ ጦር ተማረከ፤ መንግሥቱም በዚያው አበቃ።

ዛሬ ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋምም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የተሠራው በዚችው ከተማ ነው። በገበያው ቀን ወደ ከተማው የሚገባውን ሕዝብ የተመለከተ እንግዳ የካፋን ሀብት በአንድ ቀን ያየዋል፤ ማር በቅልና በጀሪካን፥ ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ፥ ጥምዝ በቁና፥ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይመጣል። ጀንፈል ቡናም በጆንያ ሆኖ በፈረስ ጀርባ ይደርሳል።

ቡና በካፋ ቋንቋ «ቡኖ» ይባላል። ሌላው ዓለም መጠጡን የሚጠራበት ስም ከ«ካፋ» ወጣ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ከዐረብኛው «ቀህዋ» ነው የሚሉም አሉ። ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። የማያከራክረው ነገር፥ ዐረቢካ የተባለው የቡና ዘር በተፈጥሮ የበቀለው በእነዚህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ መሆኑ ነው።

በደኑ ውስጥ

ከቦንጋ ወደ ዴቻ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ወደ ማንኪራ ያደርሳል። የካፋ ሰዎች የመጀመሪያው ቡና የተገኘበት ቦታ ብለው የሚያሳዩት ይህን ጫካ ነው። የቡና ተክል እንደ ጓሮ ቡና በመሥመር የቆመ የመሰለው እንግዳ እዚህ ሲደርስ ይደነግጣል። ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፥ ሐረግና ሽበት ተጠምጥሞባቸዋል፥ በላያቸው ጉሬዛ ይዘላል። ከሥራቸው በጥላ ውስጥ ቀጠን ብሎ፥ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ተመዝዞ የቆመው ቡናው ነው። ማን ተከለው ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ ወፍና ጦጣ ተከሉት፥ ሰው ጠበቀው።

ሰው ጠበቀው ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በካፋ «ኮቦ» የሚባል የቆየ ሥርዐት አለ። በዚህ ሥርዐት መሠረት የደኑ ክፍል ለቤተሰብ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ባለ ኮቦው በዚያ ክፍል ቀፎ ይሰቅላል፥ ቡናና ኮረሪማ ይለቅማል፥ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይቈርጥም ይጠብቃል። ደኑ ከቆመ ማሩም ቡናውም አለ፤ ደኑ ከወደቀ ሁለቱም የሉም። ይህን ለካፋ ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም።

ማርን ካነሣን አይቀር፥ ለወይን ጠጅ በአገራችን የቅርብ ዘመዱ ጠጅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በካፋ ጌተም የሚባለው ዛፍ አብቦ ንቦች ከቀሰሙት በኋላ ነጭ ማር ይቆረጣል፤ ብሳና ሲያብብ ደግሞ ቀለሙ ጠቆር ያለ ሌላ ማር ይገኛል። ዋናተኛ ጠጅ ጣይ የማሩን ዛፍ በጣዕሙ ትለያለች። የቡርጎኝ ሰው የወይኑን መሬት በጉንጩ ውስጥ አገላብጦ እንደሚለይ ማለት ነው። ልዩነቱ፥ የእኛ ጠጅ ለሠርግና ለበዓል ተጥሎ ከእንግዳ ጋር ያልቃል፤ ለሐራጅ ብሎ ሃምሳ ዓመት የሚሸሽገው የለም።

ቡና ቀማሹ

የወይን ጠጅ ሐራጅ ያለ ቀማሽ እንደማይቆም ሁሉ የቡና ሐራጅም ያለ ቀማሽ አይቆምም። አሠራሩን ያላየ አንባቢ ይኖራልና በአጭሩ እንግለጸው።

ቡናው ቀለል ተደርጎ ይቈላል፥ ይፈጫል፥ በእኩል ሚዛን በየስኒው ይደረጋል። ሊፈላ የተቃረበ ውሃ ይጨመርበታል። አራት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቀማሹ በስኒው ላይ የሰፈፈውን አረፋ በማንኪያ ከፍቶ አፍንጫውን አስጠግቶ ያሸታል። ከዚያ በማንኪያ እየጨለፈ በኃይል ድምፅ እያሰማ ይስበዋል፤ ይህ በማዕድ ላይ ቢሆን ነውር ነበር፥ እዚህ ግን ጣዕሙ በአፍ ውስጥ ሁሉ እንዲረጭ የሚደረግ ሙያ ነው። ይተፋዋል፥ ይጽፋል፥ ወደሚቀጥለው ስኒ ይሄዳል። ነጥቡ ከመቶ ነው፤ ከ80 በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ያለው ተብሎ ይመደባል። ለወይን ጠጅም ከመቶ ነጥብ የመስጠት ልማድ አለ፤ ገዥዎችም ሁለቱን ማነጻጸር ይወዳሉ።

ለነጥቡ መጠበቅ ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ከቀማሹ በፊት ነው። ቀይ እሸቱን ከአረንጓዴው ሳይቀላቅሉ መልቀም፥ በሽቦ አልጋ ላይ በስሱ አስጥቶ በየሰዓቱ ማገላበጥ፥ ማታ ከጤዛ መሸፈን፥ ይህ ሁሉ በካፋ በአብዛኛው የእናቶችና የልጃገረዶች ድካም ነው። በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል በካፋ የተጓዘ ሰው ይህን በየመንገዱ ያያል።

ጌሻ ወደ ፓናማ የሄደበት መንገድ

አሁን ወደ ሐራጁ እንመለስ። በዛሬው ዓለም በቡና ሐራጅ ላይ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚጠራለት ቡና «ጌሻ» ይባላል፤ ፈረንጆቹ አንድ ፊደል ጨምረው «ጌይሻ» ይሉታል። ጌሻ ዛሬ በካፋ ዞን ውስጥ ያለ ወረዳ ስም ነው፤ ከዚያ በስተደቡብ በማጂ በኩልም በዚሁ ስም የሚጠራ ደን አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በማጂ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከዚያ ምድር የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፥ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፥ በ1960ዎቹ ደግሞ ወደ ፓናማ ተሻገረ። የተፈለገው ለጣዕሙ አልነበረም፤ ቅጠል የሚያደርቀውን የዝገት በሽታ ይችላል ተብሎ ነው። ምርቱ ግን አነስተኛ፥ ቅርንጫፉም ደካማ ስለ ሆነ ገበሬዎቹ ቸል አሉት፤ አርባ ዓመት ያህልም በእርሻ ዳር ተረስቶ ቆመ።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ የተባለ የፓናማ እርሻ ይህን ቡና ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበው። ቀማሾቹ የአበባና የብርቱካን ሽታ ያለው ቡና በማግኘታቸው ተገረሙ። በሐራጁ ላይ አንድ ፓውንድ፥ ማለት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፥ 21 ዶላር ወጣለት። በዚያ ዓመት የዓለም ገበያ ለአንድ ፓውንድ ቡና በአብዛኛው ከ1 ዶላር በታች ይከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋጋው አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2025 በፓናማው ሐራጅ ከዚያው እርሻ የቀረበ 20 ኪሎ የታጠበ ጌሻ፥ ኪሎው በ30,204 ዶላር ተሸጠ፤ ጠቅላላው ከ600,000 ዶላር በላይ ሆነ። ገዥው የዱባይ ቡና ቤት ነው። ከሮማኔ ኮንቲው ጠርሙስ ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

የፓናማ ገበሬ ደክሞ ያገኘው ስለ ሆነ ሊቀናበት አይገባም። ዘሩ የወጣበት ደን ጠባቂ ግን ከዚህ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልደረሰውም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስም የሌለው ጆንያ

በአገራችን ቡና ለብዙ ዓመት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ ሲሸጥ ኖሯል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ግብይቱ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተዛወረ። ይህ ገበያ ብዙ የጠቀመው ነገር አለ፤ ገበሬው ዋጋ የሚሰማበት መንገድ ተከፈተ፥ ሻጭም ገንዘቡን ሳይጉላላ መቀበል ቻለ። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ በመጋዘን ይቀላቀል ስለ ነበር፥ የአንዱ ቀበሌ ቡና ከሌላው ጋር አንድ ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህ ማለት የሮማኔ ኮንቲን ወይን ከጎረቤቶቹ ወይን ጋር በአንድ በርሜል እንደ መቀላቀል ነው። ጠጁ መልካም ይሆናል፤ ስሙ ግን ይጠፋል። ሐራጅ ደግሞ ያለ ስም አይሆንም።

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1051 ይህን አላላው፤ ከዚያ ወዲህ የቡናው መነሻ ሳይጠፋ ከአቅራቢ ወደ ላኪ፥ ከገበሬም በቀጥታ ወደ ውጭ የሚሄድበት መንገድ ሰፋ። በእ.ኤ.አ. 2020 «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድርና ሐራጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ 1,459 ናሙናዎች ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። አርሶ አደሩ በስሙ፥ ቀበሌውም በስሟ በዓለም ፊት ተጠራች። የካፋም ገበሬ ይህን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚችል የሚጠራጠር ካለ ቡናውን ይቅመስ። በቦንጋ የካፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የደን ቡናን በስሙ ለውጭ ገዥ ሲያቀርብ ቆይቷል።

እውነተኛው ጓዳ

እስከ አሁን ወይን ጠጅንና ቡናን በብዙ ነገር አመሳሰልን። በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ ይለያያሉ። ጥሩ ቀይ ወይን ጠጅ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ሲቀመጥ እያማረ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰብሳቢው ገዝቶ ይቆልፍበታል። ቡና እንዲህ አይደለም። ጥሬው ቡና ዓመት ሲያልፈው ሽታው ይቀንሳል፥ ጣዕሙም ገለባ ገለባ ይላል፤ የተቈላው ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይደክማል። በ30,204 ዶላር የተገዛ ኪሎም ቢሆን ለልጅ ልጅ አይወረስም። ስለዚህ ያረጀ ቡና የሚሰበስብ ባለጸጋ የለም። በየዓመቱ ወደ ዛፉ መመለስ ግድ ነው።

እንግዲህ የቡና ጓዳ የት ነው ቢባል፥ መልሱ ደኑ ነው። ወይን ጠጅ በጠርሙስ ያረጃል፤ ቡና የሚያረጀው ቆሞ በደን ውስጥ ነው። በካፋ ጥላ ሥር ያሉት የቡና ዘሮች አንዱ ድርቅ ይችላል፥ አንዱ በሽታ ይችላል፥ አንዱ ጣዕሙ ልዩ ነው፤ ገና ማንም ቀማሽ ያልደረሰባቸውም በውስጣቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ የገበሬውን ምርት ሲያጠፋ፥ የጅማ ምርምር ጣቢያ ሊቃውንት መድኃኒቱን የፈለጉት በጫካው ቡና መካከል ነበር። በ1974 ከኢሉባቦር የተመረጡት 74110 እና 74112 የተባሉት ዘሮች እስከ ዛሬ በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ ቆመዋል። የአውሮፓ ወይን በዱር ወይን ሥር እንደ ዳነ፥ የእኛም ቡና በዱር ቡና ዳነ። የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች አሮጌ ሐረጋቸውን ነቅለው ስድስት ዓመት ታግሠው በአዲስ ተክል ተመልሰዋል። የካፋ ደን ቢነቀል ግን ስንት ዘመን ቢታገሡ የሚመልሰው የለም።

ለዚህም ነው ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ካፋን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች አንዱ አድርጎ የመዘገበው፤ ስፋቱ ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። ነገር ግን ደንን መዝገብ ብቻውን አያቆመውም። ገበሬው ልጆቹን የሚያስተምርበትን ገንዘብ ከደኑ ቡና ካላገኘ፥ ደኑን መንጥሮ በቆሎ ቢዘራ ማን ይፈርድበታል? ከቆመው ደን የሚገኘው ከተመነጠረው መሬት ከሚገኘው እንዲበልጥ የሚያደርገው አንዱ መንገድ ቡናው በስሙ መሸጡ ነው። ስለዚህ ከካፋ በኩል ሲታይ ሐራጁ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቡናው «የማንኪራ» ወይም «የጌሻ» ተብሎ በስሙ በተጠራ ቁጥር አንድ ዛፍ ከመጥረቢያ የሚድንበት ተስፋ አለ።

ለሚሄድ መንገደኛ

ቦንጋን ለማየት የሚሻ ሰው ዝናቡ ሲቀንስና ቡናው ሲቀላ ቢሄድ ይመረጣል። የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ተፈጥሮ ያነጸውን የድንጋይ ድልድይና የባርታን ፏፏቴ ሳያይ አይመለስ። ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድም የውሽውሽ ሻይ ተክል እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ጫማው ጭቃ የሚችል፥ ልብሱም ብርድ የሚከላከል ይሁን።

ቡና መግዛት የሚወድ እንደሆነ፥ ገበያ ገብቶ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ቡና የየት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጯ ቀበሌውንና ደኑን ጠርታ ከነገረችው፥ በኒው ዮርክና በቦን ሐራጅ ቤቶች ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበትን ዕውቀት በነጻ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አይከራከር። የገዛውንም እንደ ወይን ጠጅ ለመጪው ዓመት አያስቀምጥ፤ ቤቱ እንደ ደረሰ አስቈልቶ ጎረቤት ጠርቶ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣው።